የትምህርት ቤት ገንዘብ ከየት ይመጣል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተነበበ ንግግር



ለዚህ በዓል ንግግር እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን መሥራቾች እንናገራለን ብለው ጠብቀው ነበር። ስለ እነርሱ ግን በዚሁ መጽሔት ሌሎች ተማሪዎች ከእኛ አሳምረው ጽፈዋል። እኛ የመረጥነው ነገር ለበዓል የሚስማማ አይመስልም፤ ስለ ገንዘብ ነውና። ይኸውም፥ የአንድ ሰፈር ትምህርት ቤት ገንዘቡን ከየት ያገኛል? የሚከፍለውስ ማን ነው? ከፋዩ እንቢ ያለ እንደሆነ ምን ይሆናል? የሚል ጥያቄ ነው። በዚህ ጥያቄ የካሊፎርኒያ ሰዎች በፍርድ ቤትና በድምፅ መስጫ ሣጥን ፊት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ስለ ኖሩ፥ የእነርሱን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። የካሊፎርኒያውን ዓመተ ምሕረት ሁሉ የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በአንድ ሚኒስቴር አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት በትምህርት ወረዳዎች የተከፋፈለ ነው፤ በካሊፎርኒያ ብቻ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወረዳዎች አሉ። ወረዳውን የሚመራው ሕዝብ የመረጠው የትምህርት ቦርድ ነው። በአንዲት ጎዳና ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ልጆች፥ የወረዳው ድንበር በመካከላቸው ካለፈ፥ ጧት ጧት ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ዱሮ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚበዛው ክፍል የሚሰበሰበው በዚያው ወረዳ ውስጥ ካለው የቤትና የቦታ ግብር ነበር። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ካሉት የዳርቻ ከተሞች ሁለቱን እንውሰድ። አንደኛይቱ በስተምዕራብ ያለችው ቤቨርሊ ሂልስ ናት፤ የሲኒማ ተዋንያንና የባለጸጎች መኖሪያ መሆኗን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሁለተኛይቱ በስተምሥራቅ ያለችው ባልድዊን ፓርክ ናት፤ እርስዋ ግን ባለጸጋ አልነበረችም። በ1968–69 የትምህርት ዘመን ቤቨርሊ ሂልስ ለአንድ ተማሪ 1,231 ዶላር ከ72 ሳንቲም ስታወጣ፥ ባልድዊን ፓርክ 577 ዶላር ከ49 ሳንቲም ታወጣ ነበር። «ይህስ ምን ያስደንቃል? ሀብታም ብዙ ያወጣል» ትሉ ይሆናል። የሚያስደንቀው የሚቀጥለው ነው። የባልድዊን ፓርክ ሰው ንብረቱ ለግብር ከተገመተበት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 5 ዶላር ከ48 ሳንቲም ለትምህርት ቤት ይከፍል ነበር፤ የቤቨርሊ ሂልስ ሰው ግን የሚከፍለው 2 ዶላር ከ38 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ ንብረታቸው በ10,000 ዶላር የተገመተ ሁለት ሰዎችን ብናስብ፥ የባልድዊን ፓርኩ 548፥ የቤቨርሊ ሂልሱ 238 ዶላር ይከፍላሉ ማለት ነው። ድኻው አብልጦ ከፈለ፤ የድኻው ልጅ ግን ከግማሽ በታች አገኘ።

ምክንያቱን ለማግኘት ትልቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የወረዳው ንብረት ሁሉ ተደምሮ ለተማሪዎቹ ቁጥር ሲካፈል፥ በቤቨርሊ ሂልስ ለአንድ ተማሪ 50,885 ዶላር፥ በባልድዊን ፓርክ 3,706 ዶላር ይደርስ ነበር። ከትንሽ ጉድጓድ ብዙ ባልዲ ቢወርድም ብዙ ውኃ አይወጣም። ይባስ ብሎ የግዛቱ መንግሥት ለእያንዳንዱ ወረዳ፥ ለሀብታሙም ሳይቀር፥ በተማሪ 125 ዶላር ይሰጥ ነበር።

በዚያን ጊዜ ጆን ሴራኖ የተባለ በሎስ አንጀለስ የሚኖር አባት ነበር። የልጁ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «ለልጅህ የተሻለ ትምህርት የምትፈልግ ከሆነ ወደ ሌላ ወረዳ ሂድ» ብሎ መከረው ይባላል። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ቤት ለውጦ መሄድ የሚችለው ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ሴራኖ ከሌሎች ወላጆች ጋራ ሆኖ በ1968 ክስ አቀረበ። ነሐሴ 30 ቀን 1971 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰባቱ ዳኞች በስድስቱ ድምፅ፥ የአንድ ልጅ ትምህርት በወላጆቹና በጎረቤቶቹ ሀብት ልክ መሆን እንደማይገባው ገለጸ። በ1973 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከቴክሳስ በመጣ ተመሳሳይ ክስ ላይ በ5 ለ4 ድምፅ ተቃራኒውን ፈረደ፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለውን ልዩነት አይከለክልም አለ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ግን በ1976 በገዛ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ ተደግፎ፥ በ4 ለ3 ድምፅ በቀድሞው ሐሳቡ ጸና።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ከፋዩን ረስተነዋል።

በ1970ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ እንደ እሳት ነደደ። ዋጋው ሲጨምር ግብሩም አብሮ ጨመረ። በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ቤታቸውን አልሸጡም፥ ገቢያቸውም አላደገም፤ የግብሩ ደብዳቤ ግን በየጊዜው እየከበደ ይመጣ ነበር። ስለ እነዚህ ሰዎች ስናነብ አያቶቻችን ትዝ አሉን፤ ስለዚህም እንደ ብዙ ሰዎች ልንነቅፋቸው አንደፍርም። ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የተባሉ ሁለት ሰዎች ፊርማ አሰባስበው «ፕሮፖዚሽን 13» የተባለውን ሐሳብ ለሕዝብ አቀረቡ፤ ሰኔ 6 ቀን 1978 በትልቅ ብልጫ አለፈ። በዚህ ሕግ የቤትና የቦታ ግብር በመቶ ከ1 ዶላር እንዳይበልጥ፥ የንብረቱም ግምት እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከመቶ ከ2 በላይ እንዳይጨምር ተወሰነ። የግብሩ ገቢ ከግማሽ በላይ ወረደ። በዚያው ክረምት ብዙ ወረዳዎች የክረምት ትምህርታቸውን ሰረዙ።

ዊልያም ፊሸል የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ፥ ፕሮፖዚሽን 13ን የወለደው የሴራኖ ፍርድ ነው ይላሉ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፤ ሰው ግብሩን በደስታ የሚከፍለው ገንዘቡ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ሲውል ነው፤ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል ከተባለ ግን እጁን ይሰበስባል። ሌሎች ሊቃውንት በዚህ አይስማሙም። እኛም በክፍላችን ሁለት ቀን ተከራክረን አልተስማማንም። ሆኖም የሰው ልጅ ለሚያውቀው ልጅ እንጂ ለማያውቀው ልጅ ኪሱን በቶሎ እንደማይከፍት ለማወቅ ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቦርዶቹ ግብር የመወሰን ሥልጣናቸውን አጡ፤ የገንዘቡም ቁልፍ ወደ ግዛቱ መንግሥት ዞረ። ተጨማሪ ገንዘብ የፈለገ ወረዳ የወረዳውን ሕዝብ በድምፅ መለመን ግድ ሆነበት። ልመናው «ሜዠር» ይባላል፤ ስሙም በፊደል ነው፤ ሜዠር ኤ፥ ሜዠር ቢ እየተባለ ይሄዳል። ዓይነቱ በተለይ ሁለት ነው።

አንደኛው ቦንድ ነው። ወረዳው ገንዘብ ይበደራል፤ ብድሩን የአካባቢው ባለ ንብረቶች በብዙ ዓመታት ውስጥ በግብር ላይ በሚጨመር ክፍያ ይመልሳሉ። በዚህ ገንዘብ ክፍል መሥራት፥ ጣራ መጠገን፥ ቤተ ሙከራ ማደስ ይቻላል፤ የመምህር ደመወዝ ግን በፍጹም አይከፈልበትም። ቦንድ እንዲያልፍ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ሕዝብ መስማማት ነበረበት። ከመቶ መራጭ 65ቱ «እሺ» ቢሉ እንኳ ትምህርት ቤቱ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። (ፕሮፖዚሽን 13 ራሱ ያለፈው ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ባልሞላ ድምፅ መሆኑን እዚህ ላይ ብናነሣ ክፋት አይሁንብን።) በመጋቢት 2000 ድንበሩ ወደ ግማሽ ዝቅ ይበል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሕዝቡ አልቀበልም አለ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር «ፕሮፖዚሽን 39» ከመቶ 55 እንዲበቃ አደረገ።

ሁለተኛው በየቁራሹ መሬት ላይ የሚጣል ግብር ነው። ይህ ለመምህራን ደመወዝ፥ ለቤተ መጻሕፍት፥ ለሙዚቃ ትምህርት ይውላል፤ ለማለፍ ግን የወረዳው ቦርድ ሲያቀርበው አሁንም ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ሁሉም ቁራሽ መሬት እኩል ይከፍላል፤ ትንሽ ቤት ያላት ባልቴትና ትልቅ የገበያ አዳራሽ ያለው ነጋዴ ልዩነት የላቸውም። ብዙ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውን ከክፍያው ነጻ የሚያወጡት ስለዚህ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በኦክላንድ አጠገብ ያለችው የአላሜዳ ከተማ ይህን ለማሻሻል ሞክራ ነበር። በ2008 ሜዠር ኤች በሚባለው ውሳኔ ለመኖሪያ ቤት 120 ዶላር፥ ለንግድ ሕንፃ ግን በስፋቱ መጠን እስከ 9,500 ዶላር ድረስ እንዲከፈል ሕዝቡ ተስማማ። በ2013 የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ ግብሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት በማለት ይህን ልዩነት ሕገ ወጥ ነው አለ። እኛ በዚህ ፍርድ አልተደሰትንም። ዳኞቹ የሕጉን ቃል በትክክል አንብበው ይሆናል፤ ነገር ግን እኩል መክፈልና በትክክል መክፈል አንድ ነገር አይደለም።

ይህ ግብር በብዛት የሚገኘው በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች ሲሆን፥ ከእነዚህም ብዙዎቹ ኑሮ የተመቻቸላቸው ናቸው። ስለዚህ በ1971 በበሩ የወጣው ልዩነት በመስኮት ተመልሶ ገባ ለማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ እንደ ዱሮው የከፋ ባይሆን። ከ2013 ጀምሮ የግዛቱ መንግሥት የድኾች ልጆችና እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ለሚበዙባቸው ወረዳዎች ጨምሮ ይሰጣል። እንግሊዝኛ ገና ከሚማሩት መካከል ቤታቸው ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ልጆችም ስላሉ፥ ነገሩ ከእኛ በጣም የራቀ አይደለም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ ዘመዶቻችን ግን ይህን የልመና ድምፅ በዚህ መልክ አያውቁትም፤ እዚያ የትምህርት ቦርድ ግብር የመጣል ሥልጣን ስለሌለው ገንዘቡን የሚመድበው የአካባቢው ምክር ቤት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ባለ መሬቶች ለትምህርት የሚሆን ግብር እንዲከፍሉ በአዋጅ ተወስኖ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት መዋጮ አለ። ዘንድሮ ለቤተ ሙከራችን ማደሻ ከየቤተ ሰቡ እኩል ገንዘብ ይሰበሰብ የሚል ሐሳብ ለወላጆች ኮሚቴ ቀርቧል። ቤተ ሙከራው መታደስ እንዳለበት ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ በአንድ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ ሃያ ሆነን የምንቆመው እኛ ነን። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንጀራ ሸጠው የሚያስተምሩን እናቶች አሉ፤ ባለ ፎቅ አባቶችም አሉ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ደረሰኝ ይያዙ ማለት የቁራሽ መሬቱን ግብር ወደዚህ ማምጣት ነው። ሕግ አያስገድደንም፤ ዳኛም አይከለክለንም፤ ስለዚህ ኮሚቴው እንደየአቅሙ የሚከፈልበትን ደረጃ ቢያወጣና መክፈል ያልቻለውንም ስሙን ሳይጠራ ቢያልፈው በአክብሮት እንለምናለን።

ሌላም ልመና አለን። በፕሮፖዚሽን 39 ሕግ መሠረት ቦንድ ያሳለፈ ወረዳ ከነዋሪዎች የተውጣጣ ቢያንስ ሰባት አባላት ያሉት ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ማቋቋም አለበት፤ ከእነርሱም መካከል የወረዳው ተማሪ ወላጅ፥ ነጋዴ፥ የአረጋውያን ማኅበር አባልና የግብር ከፋዮች ማኅበር አባል ይገኙበታል። የወረዳው ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ በኮሚቴው አይገባም። ሒሳቡ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጣል። የግብር ከፋዮች ማኅበር፥ ማለት ገንዘቡን ለመስጠት ከሁሉ በላይ የሚያቅማማው ወገን፥ በሕግ ወንበር የተሰጠው መሆኑ በጣም ደስ አሰኝቶናል። እኛም ለቤተ ሙከራው የሚሰበሰበው ገንዘብ ሒሳብ የፈተና ውጤት በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ በየወሩ እንዲለጠፍ፥ ከሚመረምሩትም አንዱ መዋጮውን በስብሰባ ላይ የተቃወመ ወላጅ እንዲሆን እንጠይቃለን። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳቡን በንጹሕ ጽሑፍ ለመገልበጥ ፈቃደኞች መሆናቸውን ነግረውናል።