በአዋሽ ሸለቆ የላይኛው የምግብ ቧንቧ ደም መፍሰስና የኢንዶስኮፒ ሕክምና



ዛሬ የምናገረው ደም ስለሚያስመልሰው፣ ወይም ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ስለሚያስወጣው በሽተኛ ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ አዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሰመራ ግን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለሆነም ለአንደኛው ከተማ የሚበጀው ምክር ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

የደሙ ምንጭ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የጨጓራና የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት ነው፤ መንስኤዎቹም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪና የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ናቸው። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ለወገቡ ሕመም ዳይክሎፌናክ ይወስድ እንደሆነ ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም። ሁለተኛው በጉበት በሽታ ምክንያት በጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ ያበጡ ደም ሥሮች መፈንዳት ነው። እዚህ ላይ መለየት የሚያስፈልግ ነገር አለ። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የታወቀው ቢልሃርዝያ የሽንት ፊኛን የሚጎዳው ሄማቶቢየም ነው። የጉበትን ደም ሥር የሚዘጋው ማንሶኒ ግን በላይኛው አዋሽ በወንጂ፣ እንዲሁም በጣና ዙሪያ የሚገኝ ነው። በዱብቲ የእርሻ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደም ሲያስመልሰው «አገርህ የት ነው? የትስ አደግህ?» ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አይዘንጋ።

በኢንዶስኮፕ የሚሰጠው ሕክምና እንደ ምንጩ ይለያያል። በሚደማው ቁስል ዙሪያ አንድ ለአሥር ሺህ የተበረዘ አድሬናሊን ይወጋል፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በክሊፕ መቆንጠጥ ወይም በሙቀት ማድረቅ መጨመር አለበት። ያበጡት ደም ሥሮች በጎማ ቀለበት ይታሰራሉ። ማሰሩ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት ይደጋገማል፤ ፕሮፕራኖሎልም ይታከላል። ከብቱን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ይህን ቀጠሮ ማክበር ከራሱ ከሕክምናው ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል።

ጊዜን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2020 ከሆንግ ኮንግ የወጣ፣ 516 ብርቱ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ብዙ ያስተምራል። በስድስት ሰዓት ውስጥ ኢንዶስኮፒ የተደረገላቸው ከስድስት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ከቆዩት የተሻለ አልሆኑም። ይህ የሚሠራው ግን ደም ግፊቱ ለተረጋጋለት በሽተኛ ነው። ስለዚህ በአዋሽም ሆነ በሰመራ የመጀመሪያው ሥራ ሁለት ሰፋፊ መርፌዎችን በደም ሥር ማስገባትና ደም ማዘጋጀት ነው። ደሙም በልክ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2013 ከባርሴሎና በወጣው፣ 921 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸው ከ7 ግራም በታች ሲወርድ ብቻ ደም የተሰጣቸው ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ በሕይወት ቆይተዋል። የጉበት በሽታ የተጠረጠረበት ሰው ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም፣ ከተገኘም ኦክትሪዮታይድ፣ ከጉዞው አስቀድሞ ይጀመርለት። ትራኔክሳሚክ አሲድ ግን ይቅር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በ12,009 ሕሙማን ላይ የወጣው ጥናት ጥቅም አላገኘበትም፤ የደም መርጋትንም አብዝቷል።

ደሙ አልቆም ያለውን የደም ሥር ሕመምተኛ ከሰመራ መላክ ግድ ሲሆን፣ ባለፊኛው ቱቦ ጊዜ ይገዛል። ከመጫኑ በፊት የመተንፈሻ ቱቦ ይግባለት። ፊኛው ከ24 ሰዓት በላይ ተነፍቶ መቆየት ስለሌለበት፣ የተነፋበት ሰዓት ከመላኪያው ወረቀት ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ተቀባዩ ሐኪምም አምቡላንሱ ሳይነሳ በስልክ ይነገረው።