ካሜራው ስንት ቀን ያስታውሳል?

በአድባራትና በገዳማት የንዋያተ ቅድሳት አጠባበቅ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡራን የአድባራትና የገዳማት አስተዳዳሪዎች፣ ቄሰ ገበዞች፣ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችና የንብረት ክፍል ኃላፊዎች፤

እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የደኅንነት ካሜራ የምስልና የቀረጻ አስተካከል ነው። ርእሱ የባለሙያ ጉዳይ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎቻችን «ይህስ የገጣጣሚው ሥራ ነው» ብለን እንተወዋለን። እኛም እንደዚሁ ትተነው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፕሮጀክታችን ድጋፍ ስምንት ካሜራ በተተከለበት አንድ ደብር አንድ የብር የመጾር መስቀል ጠፋ። መጥፋቱ የታወቀው ለዓመታዊው ንግሥ ንዋያተ ቅድሳቱ ከዕቃ ቤት ሲወጡ ነው። ከዚያ በፊት ዕቃው በመዝገብ ከተቆጠረ ከአንድ ወር በላይ አልፎታል። ሁሉም «ካሜራው አለ» ብሎ ተረጋጋ። መቅጃው ሲከፈት ግን የያዘው ያለፉትን 11 ቀናት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ በአዲስ ምስል ሽሮታል። መስቀሉ በነዚያ 11 ቀናት ውስጥ አልወጣም። ጣት ሁሉ የተቀሰረው በሌሊት ጠባቂው ላይ ነበር። ምስሉ ቢኖር ኖሮ ወይ ይፈረድበት ወይ ነጻ ይወጣ ነበር፤ ባለመኖሩ ግን ሁለቱም አልሆነም። እኚህ አባት ማንም ሳያባርራቸው ሥራቸውን ትተው ሄዱ።

ይህን የምናነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ገጣጣሚው በርክክቡ ዕለት ምስሉን በስክሪን ላይ ጥርት አድርጎ አሳየን፤ እኛም ደስ ብሎን ፈረምን። «ስንት ቀን ይይዛል?» ብለን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛም ነው።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ፤ ከመደመርና ከማባዛት የሚያልፍ አይደለም። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋ ቢት እየላከ ሳያቋርጥ ቢቀረጽ በቀን 43.2 ጊጋ ባይት ይሞላል። ስምንቱ ካሜራ በቀን ወደ 346 ጊጋ ባይት ይደርሳል። በመቅጃው ውስጥ የነበረው ሃርድ ዲስክ 4 ቴራ ባይት ስለሆነ 11 ቀን ተኩል ገደማ ያህል ይበቃ ነበር። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያስበው ትልቅ ዲስክ መግዛትን ነው። እኛ ግን ጥያቄው ከሌላ ቦታ መጀመር አለበት እንላለን፦ ዕቃ ቤታችሁ በስንት ቀን አንድ ጊዜ ይቆጠራል? በወር አንድ ጊዜ ከሆነ 30 ቀን የማይዝ ቀረጻ ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። በየሳምንቱ ከተቆጠረ ደግሞ ያ 11 ቀን እንኳ ይበቃ ነበር። ቆጠራውን ማዘውተር ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ይረክሳል፤ አንዳንድ ቄሰ ገበዞች ይህን ስንል ፊታቸውን እንደሚያዞሩብን እናውቃለን።

ቀጥሎ ሁሉንም ካሜራ በአንድ ዓይን አለማየት ነው። በዚያው ደብር በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። የዕቃ ቤቱን በርና ሙዳየ ምጽዋቱን የሚያዩትን ሁለት ካሜራዎች፣ ኤች 265 በሚባለው የምስል አጨማመቅ፣ በሴኮንድ 15 ፍሬም፣ በ3 ሜጋ ቢት ሌት ተቀን ሳያቋርጡ እንዲቀረጹ አደረግን። የቀሩት ስድስቱ በ1.5 ሜጋ ቢት፣ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይቀረጻሉ። እነዚህ በአማካይ የቀኑን ሲሶ ቢቀረጹ የሁሉም ድምር በቀን 97 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ ያው ዲስክ 41 ቀን ይይዛል። አንድ ብር እንኳ አላወጣንም። የንግሥ ዕለት ግቢው ሁሉ ስለሚንቀሳቀስ ይህ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የተወሰነ ትርፍ መተው ይገባል።

የእንቅስቃሴ ቀረጻ ሲታዘዝ ሁለት ነገር እንዳይዘነጋ። አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ዛፍ የበዛበት ነው፤ ጥዱና ወይራው ነፋስ በነካው ቁጥር መቅጃውን ያነሣሣል። በማስተካከያው ላይ የሚጠበቀውን ቦታ ብቻ በጣት ወይም በመዳፊት እያጠለሉ ቅርንጫፉን ከዚያ ማስወጣት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ቀረጻው እንቅስቃሴው ከመጀመሩ ቢያንስ 5 ሴኮንድ ቀደም ብሎ እንዲነሣ ይታዘዝ፤ ያለዚያ የምናገኘው የሄደውን ሰው ጀርባ ነው። ለዕቃ ቤት በር ግን በእንቅስቃሴ ቀረጻ ብቻ አንተማመንም።

ስለ ምስሉ ጥራት ባጭሩ። የማናውቀውን ሰው ፊት ለይቶ ለማወቅ በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክሰል ያህል እንደሚያስፈልግ የሙያው መስፈርት ይነግረናል። ስፋቱ 1920 ፒክሰል የሆነ ካሜራ እንግዲህ ፊትን አስተማማኝ አድርጎ የሚይዘው ከ8 ሜትር ባነሰ ስፋት ላይ ነው። ቅጽሩን በሙሉ በአንድ ካሜራ አየን ብለን ከተደሰትን ያየነው ሰው መኖሩን እንጂ ሰውየው ማን እንደሆነ አይደለም። ማታ ደግሞ የምስሉ መክፈቻ ፍጥነት በራሱ ከዘገየ የሚራመድ ሰው ጭጋግ ይመስላል፤ ከ1/50 ሴኮንድ በታች እንዳይወርድ ማሰር ይሻላል። መቅጃው ለሌላ አገር መብራት ተስተካክሎ ከመጣ ደግሞ በፍሎረሰንት ሥር ምስሉ ይርገበገባል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ይህን መርጦ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ግን ሰዓት ነው። ብዙ መሣሪያ የተሠራበትን አገር ሰዓት ይዞ ይመጣልና በመጀመሪያ የምሥራቅ አፍሪካ የሰዓት ክልል መመረጡ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላም ችግሩ አያልቅም። ጠባቂ በ2017 ዓ.ም. «ለጥር 12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ» ቢል፣ በመቅጃው ላይ የሚፈለገው ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ 02፡00 ሰዓት ነው። መቅጃው ቀን የሚለውጠው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ኮሚቴ 08፡00 ሰዓትን ከፍቶ የቅዳሴ ተመላሾችን ሲያይ ውሎ «ምንም የለም» ብሎ ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ተመልክተናል። የሁለቱን አቆጣጠር ማነጻጸሪያ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከመቅጃው አጠገብ ለጥፉ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆየው በመቅጃው ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት፤ እሷ ካለቀች ዓመቱ ራሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ የሚታየው ከምስሉ ይልቅ በጥግ የተጻፈው ሰዓት ይሁን።

ምን እንደማይቀረጽም መወሰን የእናንተ ሥልጣን ነው። ወደ መቅደስ የሚመለከት ካሜራ እኛ አንተክልም። በክርስትና ቤት አካባቢም እንዲሁ። ከዛፍ ሥር ካህን ከንስሐ ልጁ ጋር የሚቀመጥበት ቦታ በካሜራው ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ያንን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ አለ። ድምፅ መቅጃው ደግሞ በሁሉም ካሜራ ይዘጋ። ብዙዎቹ አሁን ድምፅ መቀበያ ይዘው ይመጣሉ፤ ሌባ ለመያዝ የተተከለ ዕቃ የሰው ኑዛዜ ይዞ እንዲገኝ አንፈቅድም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷልና፣ ካሜራ መኖሩን በበሩ ላይ በግልጽ መጻፍና ምስሉን ማን እንደሚያይ መወሰን በመልካም ፈቃዳችን ላይ ብቻ የተተወ አይደለም።

የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ የመጣው እንዳይሆን፣ በመቅጃው ክዳን ላይም እንዳይጻፍ። ጠባቂው የቀጥታውን ምስል ይይ፤ ያለፈውን መልሶ ማየት ለቄሰ ገበዙና ለሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ይሰጥ፤ መሰረዝ ለማንም አይሰጥ። አንድ ነገር ሲደርስ ያ ምስል በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ፣ ቀኑና የገለበጠው ሰው ስም በመዝገብ ሰፍሮ ይፈረምበት። ዲስኩ አይጠብቀንም።

የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በ1993 ዓ.ም. ከቤልጅግ መመለሱን ሁላችን እናስታውሳለን። ያ መስቀል መልኩም ስሙም የታወቀ መሆኑ ረድቶታል ብለን እናምናለን። በየአጥቢያችን ዕቃ ቤት ያሉት ግን ብዙዎቹ ፎቶግራፍ እንኳ የላቸውም።

ከምሳ በኋላ በዚህ አዳራሽ በተተከለው መቅጃ ላይ በተግባር እንሠራለን። በመጀመሪያ የምንሞክረው የዛሬ 25 ቀን ጧት 3 ሰዓት የነበረውን ምስል ማውጣት ነው፤ ይኑር አይኑር እኛም ገና አላየነውም። እስከዚያ እያንዳንዳችሁ ሁለት ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ብትመጡ ሥራው ይቀለናል፦ የካሜራዎቻችሁን ብዛትና ዕቃ ቤታችሁ መጨረሻ የተቆጠረበትን ቀን።