ስብ ነው ወይስ ስኳር? የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመምና ጉበት



የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት አዋቂ ሰው አልትራሳውንድ ተነሥቶ «ጉበትህ ስብ ይዟል» ሲባል፣ አብሮት የሚመጣው ምክር «ቅባት ተው፤ ምግብ ቀንስ» የሚል ነው። ምግቡን የቀነሰ ሰው ሐኪም ሳያማክር ኢንሱሊኑንም ሊቀንስ ይችላል፤ ይህም ለሕይወት ወደሚያሰጋው ኬቶአሲዶሲስ ያደርሰዋል። ስለዚህ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ጉበቱ የያዘው በእርግጥ ስብ መሆኑን ነው።

ጤናማ ቆሽት ኢንሱሊንን የሚያመነጨው በቀጥታ ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር ውስጥ ነው፤ ጉበትም ግማሽ ያህሉን ተጠቅሞ የቀረውን ያሳልፋል። ከቆዳ ሥር የተወጋ ኢንሱሊን ግን በመላው አካል ስለሚሠራጭ ጉበት የቀዳሚነት ድርሻውን ያጣል። ይህም ቀጭን በሆኑ ሕመምተኞች ጉበት ላይ ስብ በብዛት ላለመከማቸቱ አንዱ ምክንያት ተደርጎ ይወሰዳል። ውፍረት ሲጨመር ግን ስቡ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ክብደት መቀነስ ተገቢ ሕክምና ነው።

ሌላው ክስተት የግላይኮጅን ክምችት ነው። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይና በየመካከሉ ብዙ ኢንሱሊን ሲወሰድ፣ ጉበት ስኳሩን ወደ ግላይኮጅን ለውጦ ያከማቻል፤ መጠኑ ይተልቃል፣ ኢንዛይሞቹም ይጨምራሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሞሪያክ እ.ኤ.አ. በ1930 ይህን የጉበት መተለቅ የስኳር ሕመም ባለበት ልጅ ላይ ገልጾታል። አልትራሳውንድ ሁለቱን አይለይም። በሲቲ ስካን ስብ ጉበቱን ሲያጠቁረው ግላይኮጅን ያነጣዋል፤ እርግጡን የሚነግረን ግን የጉበት ናሙና ነው። የግላይኮጅን መድኃኒቱ በሥርዓት የተወሰደ ኢንሱሊን ነው፤ በሳምንታት ውስጥም ለውጥ ሊታይ ይችላል።

ጉዳዩ ለአገራችን የተለየ ክብደት አለው። በጎንደርና በጅማ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ኢንሱሊን የሚሹ የገጠር ሕመምተኞች አብዛኞቹ ቀጫጭንና ድሆች ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው «ምግብ ቀንስ» ማለት በረኃብ ላይ ረኃብ መጨመር ነው። ሄፓታይተስ ቢም በመካከላችን ስላለ፣ የኢንዛይም መጨመርን ሁሉ በስብ ማሳበብ አይገባም።

እናንተ የነገ ሐኪሞች፣ «ፋቲ ሊቨር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የሕመምተኛውን ክብደት፣ የሦስት ወር የስኳር መጠን፣ የአልኮል አወሳሰድና የሄፓታይተስ ምርመራ ተመልከቱ። ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚያገኝ፣ የት እንደሚያስቀምጥና መቼ እንደሚያቋርጥም ጠይቁት። መልሱ ከምስሉ ይልቅ ብዙ ሊነግራችሁ ይችላል።