የየቲም ልጃገረድ አማና

(በአሶሳ ለየቲም ደጋፊዎችና አሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲም ስንነጋገር ልማዳችን ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ ደብተር ማንሳት ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ይኸውም ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ያለች የቲም ልጃገረድ ጉዳይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። በልጅነቴ የጠሃራን ምዕራፍ ስቀራ ሸኻችን ስለ ቡሉግ ምልክቶችና ስለ ሐይድ በግልጽ አስተምረውናል። የዲን ዕውቀት ነውና አላፈሩበትም። እኔ በተራዬ አስተማሪ ስሆን ግን ልጃገረዶች ከፊቴ ሲቀመጡ አፈርኩ። «ይህንን እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል» ብዬ ምዕራፉን ዘለልኩት። ከመካከላቸው አንዷ እናት አልነበራትም።

ይህች ልጅ በአጎቷ ቤት የምታድግ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አጎቷ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰውነቷ መለወጥ ሲጀምር «ስሟ ሳይጠፋ በሐላል ትሰብሰብ» ብሎ ሊድራት አሰበ፤ መጥቶም አማከረኝ። እኔ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በአሥራ አምስት ዓመቷ አረገዘች። ሦስት ቀን አምጣ የወለደችው ሕፃን ሕይወት አልነበረውም፤ እርሷም ሽንቷን መቆጣጠር ተሳናት። ባሏ ወደ አጎቷ ቤት መለሳት።

ሐኪሞች ይህንን በሽታ ፊስቱላ ይሉታል። የዳሌ አጥንቷ ገና ያልጠና ልጅ ምጥ ሲጠናባት የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛዋን ለረጅም ጊዜ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ብዙ ሺህ ሴቶችን አክሟል፤ ከማዕከላቱም አንዱ በመቱ ይገኛል። ያች ልጅም ታክማ ድናለች፤ አልሐምዱሊላህ። ወደ ትምህርቷ ግን አልተመለሰችም።

ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። በክልላችን የወርቅ ቁፋሮውና ገበያው፣ እንዲሁም በጉባ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ ሥራ ከየአቅጣጫው ሰው አምጥተዋል። የልጆቻችን ዓለም ሲሰፋ የእኛ ንግግር ባለበት ቆሟል። ምንም ያልተነገራት ልጅ ተታልላ ያለ ኒካሕ ስታረግዝ ከቤት ትባረራለች፤ ወንዱ ትምህርቱን ይቀጥላል። ዝሙት በሁለቱም ላይ ሐራም መሆኑን እያወቅን ነውሩን በእርሷ ጫንቃ ላይ ብቻ እንጭናለን። ተገዳ ከሆነ ደግሞ በደል የተፈጸመባት እንጂ ወንጀለኛ አይደለችም።

ችኩሉ ጋብቻም ዝምታውም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ከልጅቷ ይልቅ ለቤተሰቡ ስም እንሳሳለን። ይህም የአንድ ጎሣ ጉድለት ብቻ አይደለም። በጉሙዝ ወገኖቻችን ዘንድ በቆየው የልውውጥ ጋብቻ እህት በእህት ትተካለች፤ በአማራ ክልልም ሕፃናትን መዳር የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጃገረዶች መካከል 13 በመቶው ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል።

«ስለዚህ ነገር ማስተማር ልጆችን ያባልጋል» የሚሉ አሉ። ሆኖም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ሐያእ ማለት አለማወቅ አይደለም።

በሱረቱ-ን-ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞች ገንዘብ እንዲመለስላቸው ሲያዝ ለጋብቻ ዕድሜ መድረሳቸውን ብቻ አልጠየቀም፤ ተፈትነው ሩሽድ፣ ማለትም የበሰለ አስተዋይነት፣ እንዲታይባቸው ጠይቋል። ገንዘቧን ለመረከብ ይህ ካስፈለገ፣ ራሷን አካሏንና ሕይወቷን ለሌላ ስናስረክብ እንዴት ችላ እንላለን? የአገራችንም የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠይቀው ይህ ነው። ድጋፋችሁ ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃን እስክትጨርስ አይቋረጥ፤ የወር አበባ መጠበቂያዋም ከደብተሯ ጋር ይታሰብ። እናት ለሌላት ልጅ አክስት፣ አያት ወይም ኡስታዛ በግልጽ ትንገራት። ወንዶች ልጆቻችሁም ኃላፊነታቸውን ይማሩ። አርግዛ የተገኘችውን የቲም ከመዝገብ አትሰርዟት፤ ያን ጊዜ ሁለት ሕፃናት ናቸውና እጃችሁን የሚጠብቁት።

እኔ ያንን ምዕራፍ ከዚያ ወዲህ ዘልዬው አላውቅም። አላህ ያለፈውን ይማረን፤ በአማናው ላይም ታማኞች ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።