«ይሄ ፊልም ጭጋግ አለበት»



ተማሪ ሳለሁ የኪሴ ገንዘብ መርካቶ፣ የፊልም ዲስክ ላይ ያልቅ እንደነበር ዶርም የተጋራችሁኝ ታስታውሳላችሁ። አኖ ላለው አባቴ የህንዱን «ሾሌ» በቪሲዲ ወሰድኩለት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ይህ ፊልም ከ3 ሰዓት ይበልጣል፤ አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ደግሞ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ስለሆነ ሦስት ዲስክ ነበር። አባባ ጥቂት አይቶ «ልጄ፣ ይሄ ፊልም ጭጋግ አለበት» አለኝ።

አመንኩት። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ጨለማ ቦታ ሲመጣ የሰው ፊት ካሬ ካሬ ይሆናል። በዓመቱ ያንኑ ፊልም በዲቪዲ ገዛሁ፤ 720 በ576፣ ነጥቡ አራት እጥፍ ግድም። ለእኔ የአሚታብ ባቻን ፀጉር ተለይቶ ታየኝ። አባባ ግን «ያው ነው» አለ። ማጫወቻውን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ የቴሌቪዥኑን ብርሃን ጨመርኩ። «አሁንማ ባሰ፣ አንጸባረቀብኝ» አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጭጋጉ የዓይን ሞራ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ዲስክ ስመረምር የአባቴን ዓይን በባትሪ እንኳ አላየሁም፤ ያውም የዓይን ሕክምና ክፍል ልምምዴን ጨርሼ!

ሞራው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ የመጀመሪያውን ቪሲዲ ከፈትኩለት። «ይሄማ ካሬ ካሬ ነው፣ ያንን አምጪው» አለኝ።

እባካችሁ፣ አገር ቤት ስትገቡ ከወላጆቻችሁ ጋር ቴሌቪዥን እዩ። አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎም ሌላውን በመዳፍ አስሸፍናችሁ ምን እንደሚታያቸው ጠይቋቸው።