የታፔት ድምፅና የመካኒኩ ፍርድ

በጂንካና በደቡብ ኦሞ አሮጌ መኪናን በግቢ ውስጥ ስለ መጠገን ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ፣ የወይጦን ሞቃት ሜዳ አቋርጦ፣ በቀይ አፈር በኩል ጂንካ የሚገባ መኪና 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱም አቧራውም ይበረታበታል። በዚህ አገር አሮጌ መኪና ለያዘ ሰው የሞተሩን ድምፅ ለይቶ ማወቅ የቅንጦት ዕውቀት አይደለም። የተሳሳተ ፍርድ በአዲስ አበባ የአንድ ቀን ሥራ ቢያስፈታ፣ በጂንካ ዕቃው ከሩቅ እስኪመጣ ብዙ ቀን ያስቆጥራል፤ ከዚያም ሲብስ ሰውንና ጭነትን በረሃ ላይ ያስቀራል።

ይህ ንግግር የሚመለከተው ከሞተሩ የላይኛው ክፍል የሚሰማውን፣ ባለመኪናውን ዕረፍት የሚነሣውን «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ነው። ድምፁ እንደ ተሰማ «ታፔቱ ይቀየር» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ድምፅ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ታፔት፣ በጣልያንኛ ስሙ ፑንተሪያ፣ በካምሻፍቱና በባልቦላው መካከል የሚሠራ መልእክተኛ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ካምሻፍቱ በታች፣ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ ይዞራል። የካሙ ጉብታ ታፔቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ታፔቱ ፑሽ ሮዱን፣ ፑሽ ሮዱ ሮከሩን፣ ሮከሩም ባልቦላውን ያንቀሳቅሳል። ታፔቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደረቅ ብረት ሲሆን ክፍተቱ በእጅ ይስተካከላል። ሁለተኛው በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው፤ ክፍተቱን ራሱ ያስተካክላል። የዘይት ታፔት ያለው ሞተር ሲያንኳኳ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዘይቱ ነው፤ መጠኑ ቢጎድል፣ ቢቆሽሽ፣ ወይም ውፍረቱ ለሞተሩ የማይስማማ ቢሆን ታፔቱ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

የምርመራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የዘይቱ መጠንና ንጽሕና ይታያል። ቀጥሎ ድምፁ ይደመጣል፤ ካምሻፍት ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር የባልቦላ ድምፅ ከሞተሩ ፍጥነት በግማሽ ያነሰ ነው። ረጅም ካቻቢቴ በሞተሩ አካል ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮ ማስጠጋት ድምፁ የሚወጣበትን ስፍራ ለመለየት ይረዳል፤ በዚህ ጊዜ ከሚዞረው ማራገቢያ መጠንቀቅ ግድ ነው። ከጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን የሚያመልጥ ጭስም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያሰማ ቡሎኖቹ መጥበቃቸው ይረጋገጣል። የባልቦላው ክፍተት የሚለካው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሞተር ያበላሸ አንድ ስሕተት አለ። ድምፁን ለማጥፋት ሲባል ክፍተቱን ከልክ በላይ ማጥበብ ነው። ባልቦላው ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ካጣ በመቀመጫው ላይ አጥብቆ አይዘጋም፣ ሙቀቱንም ለቴስታታው አያስተላልፍም፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ጂንካ ላይ ጸጥ ያለው ሞተር ወይጦ ላይ ጉልበቱን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መጠነኛ ድምፅ ያለው ባልቦላ ድምፁ በግድ ከታፈነው ይሻላል።

የሞተሩን አሠራር ሳያውቁ ቁልፍ ማንሣት አይገባም። በቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍ እና 2ኤፍ በተባሉት ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች 12 ደረቅ ታፔቶች አሉ። የሮከሩ ዘንግና ፑሽ ሮዶቹ ከወጡ በኋላ፣ በሞተሩ ጎን ያለው ክዳን ተከፍቶ፣ ቴስታታው ሳይነሣ ታፔቶቹን ማውጣት ይቻላል። በቮልስዋገን ቢትል ግን የታፔቱ ራስ ሰፊ ስለሆነና ከውስጥ ስለሚገባ ሞተሩ ወርዶ ለሁለት ካልተከፈለ አይወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በግቢ ጥላ ሥር ሊፈጸም ሲችል፣ ሁለተኛው የጋራዥ ሥራ ነው።

በላንድክሩዘሩ ሥራ ላይ ምንም ነገር ከመነቀሉ በፊት ሞተሩ በእጅ እየተዞረ የእያንዳንዱ ፑሽ ሮድ አነሣሥ ይለካል፤ ማስገቢያው ከማስገቢያ፣ ማስወጫው ከማስወጫ ጋር ይነጻጸራል። ከጓደኞቹ በጉልህ ያነሰ ከተገኘ ያለቀው ካሙ፣ ታፔቱ ወይም ሁለቱም ነው። ከዚያም 12 ቀዳዳ ያለው ጣውላ ተዘጋጅቶና ቁጥር ተጽፎበት፣ እያንዳንዱ ታፔትና ፑሽ ሮድ በየስፍራው ይቀመጣል። በደቡብ ኦሞ አቧራ ላይ የተከፈተ ሞተር በንጹሕ ጨርቅ ሳይሸፈን ለደቂቃ እንኳ መተው የለበትም።

ዋናው ምስክር የታፔቱ የታችኛው ፊት ነው። ይህ ፊት ለዓይን ዝርግ ቢመስልም ሲሠራ መሐሉ በጥቂቱ ያበጠ ነው፤ በካሙ ላይ እየተሽከረከረ በእኩል እንዲያልቅ የተደረገ ብልሃት ነው። የብረት ማስመሪያ ጠርዝ በፊቱ ላይ ቆሞ ወደ ብርሃን ሲታይ፣ ብርሃኑ በዳርና በዳር ከታየ ታፔቱ ገና ደኅና ነው። ብርሃኑ በመሐል ከታየ ግን ፊቱ ጎድጉዷል፤ ዘመኑን ጨርሷል።

ታፔትና ካም አብረው የሚያረጁ ጥንዶች ናቸው። የነበሩት ታፔቶች ተመልሰው የሚገቡ ከሆነ እያንዳንዱ ወደ ነበረበት ቀዳዳ ብቻ ይመለሳል። ባለቀ ካም ላይ አዲስ ታፔት ማስገባት ደግሞ አዲሱን በአጭር ጊዜ መግደል ነው፤ የሚፋቀው የብረት ብናኝም ከዘይቱ ጋር ወደ ኩሺኔታዎቹ ይሄዳል። ካሙ ማለቁ ከተረጋገጠ ሁለቱም አብረው መቀየር አለባቸው፤ ይህም ራዲያተሩንና የፊት ማርሾቹን ስለሚያስፈታ ከግቢ ሥራ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ለባለመኪናው እውነቱን ነግሮ ሥራውን ማቆም የሙያ ድክመት አይደለም፤ የሙያ ክብር ነው።

አዲስ ካምና ታፔት ሲገጠሙ ፊቶቻቸው ለዚሁ በተዘጋጀ ቅባት ይቀባሉ። ሞተሩ እንደ ተነሣ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ሳይተው፣ በደቂቃ 2000 ዙር ገደማ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዛል፤ ታፔቱ የሚቀባው ከክራንክሻፍቱ በሚፈናጠረው ዘይት ነውና። ስለ ዘይቱም ማሰብ ያስፈልጋል። ታፔትን ከመፋቅ የሚጠብቀው የዚንክና የፎስፎረስ ቅመም በዘመናዊ መኪናዎች የጭስ ማጣሪያ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ በአዲሶቹ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች ውስጥ ተቀንሷል። አዲስና ውድ የሆነ ዘይት ሁሉ ለአሮጌ ሞተር ይበጃል ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ክፍተቱ በመለኪያ ላሜራ ይስተካከላል። በ2ኤፍ ሞተር ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ ሞቆ ነው። የኋለኞቹ የቢትል ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ይለካል። ስለዚህ የሙቀቱ ሁኔታ ያልተጻፈበት ቁጥር ግማሽ ዕውቀት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴና ቴስታታ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ የኢትዮጵያ ጋራዦች ቋንቋ ሆነዋል። ዕውቀቱም የተላለፈው እንደ ቃላቱ ሁሉ በአፍ ነው። በአፍ ብቻ የሚሄድ ዕውቀት ግን በየመንገዱ ቁጥሩን ይጥላል፤ «ጠበብ አድርገው» የሚለው ምክር ይተርፋል፣ ምን ያህልና በምን ሙቀት የሚለው ይጠፋል። የሚለካውን ለክቶ፣ የተለካውንም በደብተር ጽፎ ለተማሪው የሚያስረክብ መካኒክ በጂንካ አንዲት ግቢ ጥላ ሥር ቢሠራም፣ ፍርዱ ከታላቁ ጋራዥ ፍርድ የሚያንስበት ምክንያት የለም።