ከፍርድ ቤት መዝገብ የተገኘ ዘር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቈጥራሉ። ዛሬ የምንናገረው ግን ዘራቸው ከሽማግሌ አፍ ሳይሆን ከፍርድ ቤት መዝገብ ስለሚፈለግ ሰዎች ነው። እነዚህም የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በቨርጂኒያ ከአፍሪካዊና ከአውሮፓዊ የተወለዱት ክልሶች ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሃያ ያህል አፍሪካውያን ቨርጂኒያ የደረሱት በ1619 ነው። በትንባሆው እርሻ በውል የታሰሩ ድኾች ነጮች ከእነርሱ ጋር አብረው ይሠሩ፣ አብረውም ይኰበልሉ ነበር። በ1640 ጆን ፓንች የተባለ ጥቁር ከሁለት አውሮፓውያን ጋር ኰብልሎ ተያዘ። በነጮቹ ላይ አራት አራት ዓመት ተጨማሪ አገልግሎት ሲፈረድ በእርሱ ላይ የተፈረደው ዕድሜ ልክ ነበር። ጥፋቱ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት!

በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የሚከተለው የአባቱን ወገን ነው። ስለዚህ ከእንግሊዛዊ አባትና ከአፍሪካዊት እናት የተወለደችው ኤልሳቤጥ ኪ ተሟግታ በ1656 ነፃ ወጣች። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1662፣ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል የሚል ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጌታ ከባሪያው ቢወልድ ልጁ ንብረቱ ሆነ፤ ስሙም ከከብቱና ከዕቃው ጋር በሀብት ዝርዝር ይጻፍ ጀመር፤ የአባቱ ስም ግን አይጻፍም።

ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ ከነጭ እናት የተወለደውን ክልስ ባሪያ ሊያደርገው አልቻለም። ስለዚህ በ1691 ሌላ ቅጣት ታወጀ፤ ከጥቁር የወለደች ነጭ ሴት 15 ፓውንድ ትክፈል፣ ካጣችም አምስት ዓመት ታገልግል፣ ልጁም እስከ 30 ዓመቱ ሎሌ ይሁን ተባለ። ለመቅጣትም እናቲቱን ችሎት ማቆም፣ ጸሐፊውም ስሟን መጻፍ ግድ ሆነ።

እንግዲህ ለማዋረድ የተጻፈው መዝገብ ዛሬ የትውልድ ምስክር ሆኗል። ፖል ሃይኔግ የተባለ ተመራማሪ እነዚህን መዛግብት መርምሮ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከተነሡት ነፃ ጥቁር ቤተ ሰቦች አብዛኞቹ ከነጭ ሎሌ ሴቶች የተወለዱ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2012 ደግሞ የዘር ሐረግ ዐዋቂዎች፣ ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባራክ ኦባማ የዚያ የጆን ፓንች ዘር ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ያውም በኬንያዊው አባታቸው ሳይሆን በነጯ እናታቸው በኩል ነው!

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ንጹሕ ዘር አለን የሚል ቢያጋጥመን ክርክር አያሻንም፤ መዝገቡን እንግለጥለት። እኛም ወደ ቤታችን ተመልሰን ሰባት ቤት ስንቈጥር፣ ባሪያ ነበረች ተብላ ስሟ የተዘለለ እናት እንዳለች እንጠይቅ።